ጉርሻ ለሰው ነው

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ ሲለብስ መንገዱ በእኛ ይሞላል። ቅዳሜ ሌሊት ከአዲስ አበባ የሚነሡ ሚኒባሶች፣ የጉዞ ማኅበራት፣ የመሥሪያ ቤት ሽርሽሮች፣ ለእረፍት ከውጭ የገቡ ዘመዶች። ጎርጎራና ወንጪ በሎጅ አምረዋል፤ ዝሆን ለማየት ጨበራ ጩርጩራ ድረስ የሚሄድ የከተማ ሰው በዝቷል። ደስ ይላል። የአገር ልጅ አገሩን ማየቱን የሚጠላ የለም።

እኔ የምቃወመው በየደረስንበት የዱር እንስሳ ላይ የምንሠራውን ነው። ስሙን ፍቅር ብለነዋል። ፍቅር አይደለም።

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ለጉሬዛ ሙዝ፣ ለጦጣ ብስኩት እንሰጣለን። ደብረ ሊባኖስ ደርሰን ስንመለስ መኪና አቁመን ለጭላዳ ዳቦ እንወረውራለን። ስሜን ወጥተን የጭላዳ መንጋ መሃል ገብተን፣ እናቱ ጀርባ ላይ ካለው ግልገል ጋር ሰልፊ እንነሣለን። ከዚያ ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን፤ "ምን ዓይነት የዋህ ፍጥረት ነው" የሚል አስተያየት ይጎርፋል።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር የወደዱትን ማጉረስ ባህል ነው። እንግዳ ይጎርሳል፣ ሙሽራ ይጎርሳል፣ የተጣላ ሲታረቅ ይጎራረሳል። እጃችን የለመደውን ወደ ዱር ይዘነው ሄድን። ነገር ግን ጉርሻ ለሰው ነው። የዱር እንስሳ ሲጎርስ የሚሆነው ሌላ ነው።

ጭላዳ የሚኖረው በሣር ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘመዶቹ ሁሉ ሣር ግጦ የሚያድር እሱ ብቻ ነው፤ በዓለም ላይም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አይገኝም። ጉሬዛ ደግሞ ቅጠል በል ነው። ሆዱ እንደ ከብት ሆድ የተከፋፈለ ነው፤ ቅጠሉን የሚያብላሉለት በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። ስኳር የበዛበት ብስኩትና ሙዝ ያንን ሥርዓት ያናጋዋል፤ ሆዱን አሲድ ያደርገዋል። እኛ የሳቅንበት ቪዲዮ ለእሱ ሕመም ነው። በነገራችን ላይ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳየን "ሳቀልን" የምንለው ነገር ሳቅ አይደለም። የውጥረት ምልክት ነው። ራቁኝ እያለን ነው ካሜራ የምናቀርበው።

ይህ ግን ከጉዳቱ ትንሹ ነው። ትልቁ የሚመጣው ሰኞ ነው።

እሑድ ማታ እኛ አዲስ አበባ ገብተናል። ሰኞ ጠዋት ያ እንስሳ እዚያው አለ። ከሰው እጅ ምግብ እንደሚገኝ ተምሯል፤ ሰው መፍራት ትቷል። እኛ ግን የለንም። ያለችው ጉሊት ላይ ሙዝ የምትሸጥ እናት ናት። ያለው ምሳውን በፌስታል ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን ነው። ያለው የገብስ ማሳውን የሚጠብቅ ገበሬ ነው። የለመደው እንስሳ የሚጠይቀው እነሱን ነው፤ ሲከለክሉት ይነጥቃል፤ ሲመቱት ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከማንኛውም አጥቢ እንስሳ ንክሻ ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በአቅራቢያው ክትባት የሌለበት ጤና ጣቢያ ያለውን ወላጅ አስቡት።

ከዚያ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። ድንጋይ፣ ወጥመድ፣ መርዝ። እንስሳው "አስቸጋሪ" ተብሎ ይገደላል። አስቸጋሪ ያደረገው ማን ነው? እሑድ ዕለት መስኮት ዝቅ አድርጎ ዳቦ የወረወረው ሰው ነው። ሒሳቡን የሚከፍሉት ግን ገበሬውና እንስሳው ናቸው።

አሁን የሚመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ። "ሰው እየተራበ፣ እየተፈናቀለ ስለ ጦጣ ታወራለህ?" መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ፤ ሰው ይቅደም ነው ነገሩ። እሺ፣ ሰው ይቅደም። እንግዲያው ስለ ሰው እናውራ።

የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የግጭ መንደር ነው። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ከአያት ከቅድመ አያት መሬታቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋ መዝገብ ወጣ። መነሣታቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ቤተሰብ ለዋልያና ለጭላዳ ሲባል ቀዬውን ለቆ፣ እኛ ለአንድ ፎቶ ብለን በብስኩት የምናበላሸው ከሆነ፣ የናቅነው ጭላዳውን ብቻ አይደለም። የግጭን ሰው ነው የናቅነው። ሰው ይቅደም የሚል ሁሉ ይህን ይመልስልኝ።

ወደ ባሌ እንሂድ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም፤ አብዛኛው ያለው ባሌ ተራሮች ላይ ነው። የሚጨርሰው አዳኝ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኙ እየተመላለሰ መንጋዎቹን አጭዷል። በሽታውን የሚያመጣው ውሻ ነው። ውሻውን ወደ ሜዳው የሚጠራው ደግሞ ትርፍራፊ ነው፤ እኛ ከድንኳናችን ጎን የጣልነው አጥንት፣ ከመኪና የወረወርነው ፍርፋሪ ጭምር። በላዩ ላይ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን መሃል ለመሃል ይሰነጥቃል። እዚያ መንገድ ላይ የሚበር ሾፌርና "ቶሎ በለው" የሚል ተሳፋሪ ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው። ከ500 በማይሞላ ዘር ላይ አንድ መኪና የሚገጨው አንድ ቀበሮ ቀላል ቁጥር አይደለም።

"ታዲያ ሐረር ጅብ ይበላ የለ?" ትሉኛላችሁ። ይበላል። የሐረር ሰውና ጅብ የረጅም ዘመን ጎረቤቶች ናቸው፤ ግንቡ እንኳ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው። ጅቡ ማታ በራሱ እግር ይመጣል፣ በራሱ እግር ይሄዳል። አብላዎቹም በአካባቢው የሚኖሩ፣ እያንዳንዱን ጅብ በስም የሚጠሩ፣ ነገ የሚሆነውን የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ ይኼው ነው፤ የሐረሩ አብሊ ሰኞም እዚያው አለ። ሐረር የአንድ ከተማ ታሪክ እንጂ በየመንገዱ ዳር ዳቦ ለሚወረውር ሁሉ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። እዚያ የምትሄዱም ብትሆኑ ፍላሽ አጥፉ፣ አትጩሁ፣ ልጃችሁን ለፎቶ ብላችሁ ወደ ጅብ አፍ አትግፉ።

አሁን ደግሞ በዓረብ አገራት ላላችሁ ወገኖቼ አንድ ቃል። አቦሸማኔ ታቅፎ ወይም በሰንሰለት ይዞ የተነሣ ፎቶ በየገጹ እናያለን፤ ከሥሩ ልብና እሳት ይደረደራል። የዚያ እንስሳ አገር የት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የእኛው ምሥራቅ ነው። ግልገሎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከኬንያ ቆላ ተለቅመው በሶማሌላንድ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይሻገራሉ። በእንስሳው ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች በዓመት ወደ 300 ግልገል በዚህ መንገድ እንደሚወጣ ይገምታሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦሸማኔ ወደ 7,000 ብቻ ነው። ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰብ እንዲህ ያለ አውሬ በቤቱ እንዳያሳድግ ከልክላለች። ሕጉ ቢኖርም ፎቶው እስካማረ፣ ላይኩ እስከጎረፈ ድረስ ገዢ አይጠፋም። አንድ ላይክ ለነጋዴው ማስታወቂያ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። "አስጎብኚዎቹ ናቸው የሚያስጠጉን" የሚል አለ። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ያስጠጋል። ግን ለምን? ጉርሻ የሚባለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ በእጅ የሚሰጠው ምግብ ነው፣ ሌላው በእጅ የሚሰጠው ብር። አስጎብኚው የሚኖረው በሁለተኛው ነው። ግልገሉ አጠገብ ያደረሰውን በ500 ብር የምንሸልም፣ "እዚህ ጋ ይበቃል" ያለንን ደግሞ የምንኮሳተርበት እኛ ነን። ትእዛዙን የሰጠው ኪሳችን ነው። ከፋዩ ሐሳቡን ሲቀይር አስጎብኚው በማግሥቱ ይቀይራል።

መንግሥትም አያመልጥም። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። ሎጅ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም። በየመኪና ማቆሚያው "አታብሉ" የሚል አንድ ሰሌዳ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ ሳነቴ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ግን ከሎጅ ግንባታ የሚወደድ ነገር አይደለም። ለስካውቶችም የሚናገሩት እንዲሰማ ሥልጣን ይሰጣቸው፤ "ራቁ" ሲሉ "ማን ነህ አንተ" የሚባሉ ከሆነ መሣሪያ መያዛቸው ለምኑ ነው?

እኛ አንበሳን በአውቶቡስ፣ ኒያላን በሲጋራ፣ ዋልያን በቢራና በኳስ ቡድን የሰየምን ሕዝብ ነን። ስማቸውን እንወዳለን። ራሳቸውን መውደድ ከዚህ ይቀላል፤ ምንም አለማድረግ ነው። ምግብ አትስጡ። አትንኩ። መንገድ ስጧቸው እንጂ አትክበቧቸው። ትርፍራፊያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። የጉዞ አዘጋጁን ከመክፈላችሁ በፊት "እንስሳ ታስነካላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "አዎ" ካለ ሌላ ፈልጉ። "አይ፣ ከርቀት ነው" ያለውን በጉርሻ አክብሩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የምትወጡ ብዙ ናችሁ። ሙዙን ለልጃችሁ አጉርሱት።