በእንጦጦ ጉዳይ እንጨት ተሸካሚዎቹም ይጠየቁ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣
ለየካና ለጉለሌ ክፍለ ከተማ አስተዳደሮች፣
በእንጦጦ ተራራ ላይ ለሚሠሩ ለጋሽና የልማት ድርጅቶች በሙሉ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንጦጦ ለምን ለማ ብዬ አይደለም። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው ፓርክ ለከተማዋ ሕዝብ መተንፈሻ ሆኗል፤ ባሕር ዛፉ እየተነሳ አገር በቀል ዛፍ መተከሉም ለአፈሩም ለምንጩም የሚበጅ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በተራራው ግርጌ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉራራ፣ በቀበናና በኮተቤ በኩል ባሉ ሰፈሮች፣ ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች ከመምጣታቸው በፊት ኑሯቸውንና አካባቢያቸውን በገዛ ጉልበታቸው ለማሻሻል የተነሱ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እናንተ እቅድና በጀት ይዛችሁ ስትመጡ እነዚህ ሰዎች በየትኛው መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ? እስካሁን የተጻፉት በሁለት መዝገብ ነው፤ አንዴ በአጥፊነት፣ አንዴ በተረጂነት። እኔ የምለምናችሁ ሦስተኛ መዝገብ እንድትከፍቱላቸው፣ በስማቸው የሚፈርሙ ተዋዋይ ወገን እንድታደርጓቸው ነው። ይህን የምጠይቀው ለርኅራኄ ብቻ ስል አይደለም። እንጦጦ የሚጠበቀውም በዚህ መንገድ ብቻ መሆኑን ማስረጃው ስለሚያሳይ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ደኑ ራሱ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ተራራው ጥዱና ወይራው እየተመናመነ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረቱ ስለበረታ ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራውንም አስጀምረው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ያደረጋት ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ግን በትእዛዝ ብቻ አልበቀለም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ቤተ መንግሥቱ ችግኝ አቀረበ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነፃ አደረገ፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የተከለው፣ ከከብት የጠበቀው፣ ሲደርስም ቆርጦ የሸጠው ባለይዞታው ነበር። መንግሥት መብቱን ሰጠ፣ ሰው ጉልበቱን አፈሰሰ፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ራቁት የነበረው ኮረብታ ደን ለበሰ። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን ይህ ስምምነት ፈረሰ። ቆየት ብሎም በውጭ ለጋሾችና አበዳሪዎች ገንዘብ በከተማዋ ዙሪያ ሰፋፊ የማገዶ ደን ሲተከል አብሮ የመጣው ጥበቃ ነው። ደኑ የመንግሥት ሆነ፤ ነዋሪው ደግሞ ከደኑ መራቅ ያለበት ሰው ሆነ።

ከደኑ እንዲርቁ የተባሉት ግን ከተማዋን የሚያሞቁት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በኩል የወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ አዲስ አበባ ከምታነደው እንጨት አንድ ሦስተኛ የሚሆነው የሚገባው በሴቶች ጀርባ ነበር። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ገቢው ግን የዕለት ጉርስ ከመሆን አያልፍም። እንጨት መነጠቅ፣ ድብደባና አስገድዶ መድፈር በእነዚህ ሴቶች ላይ ይደርስ እንደነበርም ተመዝግቧል። ከዚያ ጥናት በኋላ በመጣው ፕሮጀክት ውስጥ ያለፉት ሴቶች የቀድሞ ሴቶች እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበርን አቋቋሙ፤ ሸክሙን ትተው ሽመና ተማሩ። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ቢኖር የአገራችንን ልማድ ያስታውስ፤ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጋሞ ተራሮች ሴት ፈታይ ወንድ ሸማኔ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ስትሮጥ የኖረች እንጨት ተሸካሚ ከሸማ ዕቃው ፊት ተቀምጣ ሻርፕና ነጠላ ሠርታ መሸጥ መቻሏ ሁለት አጥር መዝለል ነው። ያንን አጥር ለመዝለል ገንዘብ ከውጭ መጥቶ ይሆናል፤ የዘለሉት ግን ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ትልልቅ ድርጅቶች ለእንዲህ ያለው ጥረት ምላሻቸው ምን ይመስላል? በክፋት የሚደረግ ነገር አለ አልልም። ችግሩ በአሠራሩ ውስጥ ነው። ድርጅት የሚመራው በበጀት ዓመት ነው፤ የሚመዘነው በሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ የሚጠይቀው ደግሞ ስንት ሰው ተጠቀመ የሚለውን ነው። ስለዚህ ለሠላሳ ዓመት ጫካውን በእግሯ የለካች፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ገደል በክረምት እንደሚናድ የምታውቅ ሴት በሰነዱ ላይ የምትታየው በቁጥር ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቁጥሩ ይዘጋል። አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ አዲስ ጥናት ይጠናል፤ እሷም እንደገና ችግሯን ትጠየቃለች እንጂ ያወቀችውን አትጠየቅም። በእቅዱ ላይ ውይይት ተደረገ ሲባልም ብዙ ጊዜ ስብሰባው የሚጠራው ካርታው ከተሳለ በኋላ ነው። ሕጋችን ግን ከዚህ የተሻለ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንቀጽ 44 በመንግሥት መርሐ ግብር ምክንያት ኑሮው ለተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ እንደሚገባው ይናገራል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ደን ከመንግሥት ደን እኩል በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያማረ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ በአገራችን የተሞከረውን ላስታውስ። በባሌ በኩል በአዳባና በዶዶላ ጥበቃና ክስ ብቻውን ደኑን ሊያድነው እንዳልቻለ ከታየ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በደኑ ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ውል ተገባ። በየደን ክልሉ ከ30 የማይበልጡ አባወራዎች ማኅበር መሥርተው የደኑን ድንበር ተረከቡ፤ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ከመንግሥት ጋር ተስማሙ፤ አዲስ ሰፋሪን የመከልከል ሥልጣንም አገኙ። ደኑን ከዘበኛው ይልቅ ባለውሉ ጠበቀው። በሌላው ዓለም ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው የደን ሕግ ለመንደር ተጠቃሚዎች ቡድን ሕጋዊ ሰውነት ሰጥታ የተራቆቱ ኮረብቶቿን መልሳ አልብሳለች። ከእንጦጦም ሳንወርድ ሌላ ምሳሌ አለ። ኤች አይ ቪ ያለባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ለጸበል ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጡ መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ። ጸበልተኛው ከተራራው ይውረድ አልተባለም፤ ሁለት ትልልቅ ተቋማት፣ ቤተ ክርስቲያንና ሕክምናው፣ በሽተኛው እምነቱን እንደያዘ እሱ ወዳለበት ወጡ።

የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ። የመጀመሪያው እንጨት ለቃሚ ደን ያጠፋል የሚለው ነው። ይህ ከፊሉ እውነት ነው። እርጥብ ዛፍ የሚቆርጥ አለ፤ ደረቅ ቅጠል ተጠርጎ ሲወሰድ እንኳ አፈሩ ለጎርፍ ይጋለጣል፣ ያም ጎርፍ ወደ ቀበና ወንዝና በዳርቻው ወዳሉት ቤቶች ይወርዳል። ነገር ግን ጭራሮ የምትለቅመውን ሴትና በሌሊት መጋዝ ይዞ የሚገባውን ነጋዴ በአንድ ዓይን ማየት ለቆራጩ ይጠቅመዋል፤ ሁለቱም ወንጀለኛ ከተባሉ እሷ እሱን የምታጋልጥበት ምክንያት አይኖራትም። ገደብ ያስፈልጋል። የትኛው ሸንተረር ይዘጋ፣ በየትኛው ወር ምን ይለቀም የሚለውን ገደብ አብራ ያወጣች ሴት ግን ታከብረዋለች፣ ሌላውንም ታስከብራለች። ሁለተኛው ተቃውሞ ለሴቶቹ ሌላ ሥራ ተሰጥቷል የሚለው ነው። ሥራ ማግኘት መልካም ነው፤ ያገኙትም እንኳን አገኙ። ሆኖም ቅጥር ቀጣሪው ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሲፈልግ የሚነሳው ነገር ነው። ያችን ሥራ ያጣች ሴት ወደ ጫካው ከመመለስ ሌላ በር የላትም፤ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየደረጃው እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ የማገዶ ገዢው አይጠፋም። ስለዚህ ቅጥር የመደራደርን መብት ሊተካ አይችልም።

ሦስተኛው የሰፈር ማኅበር አቅም የለውም፣ ገንዘብ ቢሰጠው ያባክናል የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው በየካ ሰፈሮች ውስጥ ያሉትን እድሮች ይመልከት። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው፣ የአባሉን መዋጮ በየወሩ በመዝገብ አስፍረው፣ መንግሥት ሲለዋወጥ እነሱ ሳይለወጡ ለዘመናት ቆይተዋል። የኤድስ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን ብዙዎቹ ከቀብር አልፈው በሽተኛ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። በማኅበራት ውስጥ ጉልበተኛ ጥቅሙን ሊጠቀልል ይችላል፤ እድርም ማኅበርም መላእክት የሰበሰቡት አይደለም። መድኃኒቱ ግን ሒሳብን በአደባባይ ማስመርመር ነው፤ ያው መድኃኒት ለእናንተም ለመሥሪያ ቤቶቹ የሚታዘዝ ነው። አራተኛው ጊዜ የለንም፣ ልማት ይፈጥናል የሚለው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገራችን ሰው። ሳይመክሩ የተከሉት ችግኝ በሁለት ክረምት መሃል ከብት ሲበላው፣ ተመልሶ ለመትከል የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ቀድሞ ለምክክር ከሚጠፋው ይበልጣል። በመጨረሻም እንጦጦ የመላው ከተማ ሀብት ነው፣ የጥቂት ሰፈር አይደለም ይባላል። እስማማለሁ። ለዚህ የመላው ከተማ ሀብት ግን ዋጋ የከፈሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከጥቅሙ ቀዳሚ ባይሆኑ እንኳ ከውሳኔው የመጨረሻ መሆን የለባቸውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አራት ነገር ነው። በእንጦጦ ፓርክና በደኑ አስተዳደር ቦርድ ውስጥ እንጨት ተሸካሚዎችና የቀድሞ ተሸካሚዎች ራሳቸው የመረጧቸው ተወካዮች ድምፅ ያለው ወንበር ይኑራቸው። ባሕር ዛፉ በአገር በቀል ዛፍ በሚተካበት ጊዜ የሚቆረጠውን እንጨትና ጭራሮ የመሰብሰብ ቅድሚያ መብት፣ የችግኝ ማፍላቱና የመንከባከቡም ሥራ፣ በግልጽ ውል ለማኅበራቸው ይሰጥ። የሽመና ሥራቸው ጎብኚው በሚመላለስበት ቦታ፣ በማይነሳ ኪራይ መሸጫ ያግኝ። ለጋሾች ደግሞ ገንዘባችሁን ከመመደባችሁ በፊት የእቅዱን ረቂቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አትማችሁ በየወረዳው ለጥፉ፤ ከነዋሪው የተሰጠውን አስተያየት ተቀብላችሁ የለወጣችሁትን፣ ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ አሳውቁ።

ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ሕጉ ተጽፏል። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚቀጥለው ዓመት የእንጦጦ እቅድ ከመፈረሙ በፊት ሴቶቹን ጠርቶ መስማትና የሚናገሩት ነገር እቅዱን ሊለውጠው እንደሚችል አስቀድሞ መቀበል ነው። ስብሰባውን መጥራት ለእናንተ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሁለተኛው ነው፣ ኅሊናችሁን የምማጸነውም በእሱ ላይ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የከተማዋ ነዋሪ