የ9 ዓመቱ ይወስዳል፣ የ30 ዓመቱ ይመኛል!

እኔ የወሎ ቦረና ልጅ ነኝ። በቅርቡ መካነ ሰላም ወርጄ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን አገኘሁ። ጡረታ ወጥቶ የአባቱ ቤት ገብቷል። የቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል። ያለው አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሰው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው። «ወንድሜ፣ ከ30 ዓመት ላቤ ሩቡን እንኳ ባንድ ጊዜ ቢሰጡኝ ሌላ ምን እፈልግ ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ ያጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የምንሠራበት ድርጅት ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረው፤ ሠራተኛ ሲወጣ የተጠራቀመለትን በጥሬው ይዞ ይሄድ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 ሲወጣ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ ያለው ሠራተኛ ተስማምቶ በዚያው እንዲቀጥል ወይም ወደ ጡረታው እንዲገባ ተፈቀደ። ተሰበሰብን፣ እጅ አወጣን፣ ተዛወርን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ! «ስትወጡ በእጃችሁ የምትይዙት ድምር ገንዘብ ቀረ» ብሎ በግልጽ የነገረን ግን አልነበረም።

ሕጉ ምን ይላል? ዕድሜው ለጡረታ ደርሶ አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ሠራተኛ ዳረጎት ይከፈለዋል፤ ያውም ባንድ ጊዜ። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ግን ወርኃዊ አበል ብቻ ነው። እንግዲህ 9 ዓመት የሠራው ገንዘቡን ይዞ በሬ ይገዛል፣ 30 ዓመት የሠራው በሬውን ይመኛል። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ግብሩን አናነሳም፤ አበሉም ዳረጎቱም ከግብር ነፃ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ለመሆኑ ገንዘቡ የማን ነው? ከደመወዛችን 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባል። የጡረታ ፈንዱም ለመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ መግዣ ሲሆን ኖሯል። መንግሥት በጅምላ ይበደረዋል፣ ለባለቤቱ ግን በችርቻሮ ይለካለታል! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያቺ ችርቻሮ ምን እንደምትገዛ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

«ባንድ ጊዜ ከተሰጠው ደግሶ ይጨርሰዋል» የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው አልልም። ወርኃዊ አበል እስከ ዕለተ ሞት አይቋረጥም፤ ባል ቢሞት ሚስት ግማሹን ታገኛለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ይፍረስ የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ግን መካከለኛ መንገድ የለም እንዴ? እንግሊዞች ጡረተኛቸው ከሥራ ቦታ ጡረታው እስከ 25 በመቶ ያህሉን ከግብር ነፃ ባንድ ጊዜ እንዲያወጣ ይፈቅዳሉ፤ የቀረው ቀስ እያለ ይጦረዋል። አገራቸው አልፈረሰም።

የ2003ቱ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። ይህን በር ሳይከፍት አለፈ። ሕግ አንድ ጊዜ ከተለወጠ ሁለተኛም ይለወጣል። ጡረተኛው ከፈለገ ከድርሻው የተወሰነውን ባንድ ጊዜ ይውሰድ፣ አበሉም በዚያው ልክ ይቀነስ፤ ምርጫው የራሱ ይሁን። ምጽዋት አልጠየቅንም። የጠየቅነው የገዛ ላባችንን ነው።

የመካነ ሰላሙ ወዳጄ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን ማደስ አለበት። ሕግ አውጪዎቹ ግን ዝናቡ እነሱን አይመታም!