የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ባቡር

ይህ እትም በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የሞዴል ባቡር ነው። ክፍሉ ለጠበበው 1:160 ልኬት ያለውን «ኤን» የተባለውን ዓይነት እንመክራለን፤ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ሰፊውን ገጽ የሰጠነው ግን ለሎኮሞቲቩ ነው። ትንሽ ሎኮሞቲቭ በሐዲድ መገንጠያ ላይ ቀጥ ሲል ብዙዎች ሞተሩን ይወቅሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ጎማዎች ማነስ ወይም መቆሸሽ ነው። ጎማውን ማጽዳት፣ ኤሌክትሪክ ተቀባዮቹን ማብዛት፣ ሐዲዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ክብደት መጨመር፣ በዲጂታል ለሚነዳው ደግሞ የኃይል መቆራረጥን የሚሸፍን ካፓሲተር መግጠም፦ አዲስ ከመግዛት በፊት እነዚህ ይሞከሩ። ያረጀ ሎኮሞቲቭ እንደገና ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ማየት ትልቅ ደስታ ነው።

የድሬዳዋን ባቡር ለመሥራት የምትመኙ፣ የቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በ1:87 ልኬት ባለ 12 ሚሊሜትሩን ሐዲድ ምረጡ። የሥራችሁን ፎቶግራፍም ላኩልን።