ስለ መካን ወንድ ቢምቢዎችና ስለ ሐሩር

ሰውን የምትነድፍ፥ የወባን ንዳድም የምታጋባ ሴቲቱ ቢምቢ ብቻ ናት፤ ይህም ስለ ምን ነው ቢሉ፥ እንቁላሏን ለማጐልመስ ደም ስለምትሻ ነው። ወንዱ ግን የአበባ ወለላ እየቀሰመ ይኖራል እንጂ ማንንም አይነድፍም። ደግሞ ሴቲቱ በዕድሜዋ አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀው አንድ ወንድ ብቻ ነው። ሊቃውንትም ይህን ጠባይ መርምረው፥ ወንዶቹን በቤት አርብተው፥ ዘራቸውንም በጨረር አምክነው ይለቋቸዋል። ከመካኑ ጋራ የተገናኘች ሴት እንቁላል ብትጥልም አይፈለፈልላትም።

ይህ ብልኀት በሌሎች ነፍሳት ተፈትኖ ሠምሯል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1954 ዓመት በኩራሳው ደሴት፥ ትሉ ከቍስል ገብቶ የከብትን ሥጋ የሚበላው ዝንብ በዚሁ መንገድ ጠፋ። ከ1994 እስከ 1997 ዓመት በተደረገው ሥራም የገንዲን በሽታ የሚያመጣው የቆላ ዝንብ ከዛንዚባር ከኡንጉጃ ደሴት ተነቀለ።

ስለ ቢምቢ ግን ብርቱ ተቃዋሚ አለ፤ እርሱም ሐሩር ነው። በሰሜን ሱዳን፥ በዓባይ ዳር ባለችው በዶንጎላ፥ አኖፌሌስ አራቢየንሲስ የሚባለው ቢምቢ መክኖ ሲለቀቅ ተፈትኗል፤ በአገራችንም ወባን የሚያዛምተው ዋናው ይኸው ነው። በዚያ አገር የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ሐሩሩ የሚጐዳው በብዙ መንገድ ነው። መጀመሪያ፥ ዕጩ የሚያድግበት ውሃ እጅግ ቢሞቅ ፈጥኖ ያድጋል እንጂ ቢምቢው ትንሽ ሆኖ ይወጣል፤ ስንቁም ጥቂት ነውና ዕድሜው ያጥራል። ሁለተኛ፥ በመንገድ ሳሉ በብርድ ፈዝዘው ካልተጓዙ በሣጥኑ ውስጥ እየተራገጡ ክንፍና እግራቸውን ይሰብራሉ። ሦስተኛ፥ በቀትር ቢለቀቁ ውሃቸው ደርቆ፥ ወንዶች ተሰብስበው ሴቶችን የሚጠብቁበት ምሽት ሳይደርስ ይሞታሉ። የዱሮቹ ቢምቢዎች ግን በሙቀቱ ልክ ማደጋቸው ይፋጠናልና፥ ሙቀቱ ከመጠን እስኪያልፍ ድረስ ይበዛሉ።

ስለዚህ መካኖቹን ስኳር አጥግቦ፥ በማለዳ ወይም በምሽት ቅዝቃዜ፥ ጥላና አበባ ባለበት ስፍራ መልቀቅ ይገባል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚቈጣጠር ሹምም፥ ስንት ተለቀቁ ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ ስንቱ ለምሽት ደረሱ ብሎ ይጠይቅ። ከሣጥን ወጥቶ በቀትር የሞተ ወንድ በመዝገብ ይቈጠራል እንጂ አንድ ሕፃን ከንዳድ አያድንም።

የቤት እመቤቶችና አባወራዎችም ይህን ያስተውሉ። መካኑ የሚከለክለው የሚመጣውን ትውልድ ነው፤ አስቀድማ የተፈለፈለችው ሴት ዛሬም ትነድፋለች። ስለዚህ በቆላ የሚኖር ሁሉ ልጆቹን ከአጐበር በታች ያስተኛ፤ በደጁ የቈመውን ውሃ ያፍስስ፤ ልጁን ንዳድ ቢይዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ያድርስ። ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፥ መልካሙም ብልኀት የሚጠቅመው በአያያዙ ልክ ነው።