በስክሪኑ ማዶ ማን ይቀመጥ?

ሰሞኑን ክሪሚኖሎጂ በምንማረው ተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ተነስቷል። ትምህርት ክፍላችን ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር በኢንተርኔት የጋራ ክፍለ ጊዜ ቢጀምር ከማን ጋር ይሁን የሚል ነው። የተፈረመ ነገር የለም፤ ገና ሐሳብ ነው። ቢሆንም የዶርም ጓደኞቼ ከወዲሁ መርጠዋል፦ እንግሊዝ፣ ካልሆነም አሜሪካ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ «ስኮላርሺፕ ይገኝበታል» ይላሉ። እኔ ኪጋሊ ይሁን ባልኩ ጊዜ ሁሉም ሳቁብኝ። እስቲ ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። በሁለት አገር ያሉ ሁለት መምህራን የአንድን ኮርስ የተወሰነ ክፍል በጋራ ያዘጋጃሉ፤ ተማሪዎቹ ተቀላቅለው በትንንሽ ቡድን ይመደባሉ፤ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ሥራ አብረው ይሠራሉ። ቪዛ የለ፣ ትኬት የለ። የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ማዕከል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለአገራችንም ከስክሪን መማር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሕንድ በዘረጋችው የአፍሪካ ኔትዎርክ አማካይነት አዲስ አበባና ዓለማያ ሆነው ከሕንድ መምህራን የተማሩ ነበሩ። ልዩነቱ ያኛው በአመዛኙ ማዳመጥ መሆኑ ነው። ይኼኛው ግን አንተም ይዘህ የምትቀርበው ነገር ሊኖርህ ይገባል። የኔ ሙግትም እዚህ ላይ ነው፤ ከማን ጋር ብንቀመጥ ነው የያዝነው ነገር ቁም ነገር የሚሆነው?

የወንጀል ትምህርት ወደዚህ አገር ሲገባ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው የገባው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የተባሉ የጄኔቫ ሊቅ ናቸው። በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የአሁኑ ሕግም ያንኑ መሠረት ይዞ የተሻሻለ ነው። መማሪያ መጽሐፎቻችን የወንጀለኛን የራስ ቅል ይለካ ከነበረው ከጣሊያናዊው ሎምብሮሶ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በርጀስ ቺካጎን በክብ በክብ ከፋፍሎ የሣለውን ካርታ ያሳዩናል። አንድ ጓደኛችን በፈተና ላይ ያንን ካርታ ወልድያ ላይ አስቀምጦ መናኸሪያውን «የሽግግር ቀጠና» አድርጎታል። ውጤቱም ጥሩ ነበር! እኔ ግን መናኸሪያው አጠገብ ስላደግሁ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ታዲያ ከለንደን ልጆች ጋር ብንቀመጥ ምን ይሆናል? በክፋት አይደለም፣ ጎበዞችም ናቸው፤ ግን እነሱ ቲዎሪውን ይዘው ይመጣሉ፣ እኛ ምሳሌውን። እነሱ ይጠይቃሉ፣ እኛ ስለ ሽምግልና እናስረዳለን። በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ላይ እነሱ ስለ እኛ አንድ ወረቀት ይጽፋሉ፤ እኛ የተሳትፎ ሰርተፊኬት እናገኛለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ምን እንዳየች ለዚህ ቡለቲን አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተዘረፈ ተቋም ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ አንድ የእንጀራ ምጣድ ነው። እኛ ወደ ደሴ ሸሽተን ነበር። ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነው። ከወራት በኋላ እናቴ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርታ ስትሄድ ምጣዳችንን አየችው። የክዳኑ እጀታ ተነቅሎ አባቴ በሽቦ ስላሰረው አይጠፋንም። ጎረቤታችን የእናቴን ዓይን ተከትለው «ሊወስዱት ሲሉ ለምኜ ነው ያስቀረሁላችሁ፣ ትወስጅዋለሽ» አሉ። እናቴም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» አለች። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ምጣዱ ግን እስካሁን እዚያው ነው። እናቴ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አላመጡም። በአንድ እድር ውስጥ ናቸው፣ ለቅሶ አብረው ይቀመጣሉ።

በሕጉ መሠረት ጥያቄው ቀላል ነው። ወይ ስርቆት ነው፣ ወይ የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግ ነው፣ ወይ ደግሞ ምንም ወንጀል የለም፤ ሴትዮዋ እውነትም አስቀርተውልን ይሆናል። ከመጽሐፎቻችን አንዱም ግን እናቴ ለምን ዝም እንዳለች አይነግረኝም። ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ምጣድ እንዳለም አይነግረኝም። መንግሥት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው ስለ ክስ፣ ስለ እውነት ማፈላለግ፣ ስለ ምሕረትና ስለ ካሳ ይናገራል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ትልልቁ ወንጀል ይቀድማል፣ መቅደምም አለበት። ሰፈር ውስጥ ሰው የሚያድርበት ቂም ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ምጣዱ ያለ ነው።

ኪጋሊ ያልኩት ለዚህ ነው። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተፈጸመው የዘር ማጥፋት በኋላ እስር ቤቱ ሞልቶ በመደበኛ ፍርድ ቤት የማይገፋ ሲሆን፣ ጋቻቻ የሚባለውን የሣር ላይ ሸንጎ በአዲስ መልክ በሕግ አቋቋሙት። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ ሸንጎዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጉ ወደ 1.9 ሚሊዮን ጉዳይ አይተዋል። ከዚህ ውስጥ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ምን ይመስላችኋል? የንብረት ጉዳይ ነው። የተዘረፈ ላም፣ የተወሰደ ቆርቆሮ፣ የእነሱ ምጣድ እንበለው። እኛ በሹክሹክታ የያዝነውን እነሱ በመንደር ሕዝብ ፊት አውጥተው ተናግረውታል። ፈራጆቹም ሕዝብ የመረጣቸው የመንደሩ ሰዎች እንጂ የሕግ ምሩቃን አልነበሩም።

ጋቻቻን ላወድስ አይደለም። ተከሳሽ ጠበቃ አልነበረውም። በድል አድራጊው ወገን ወታደሮች የተፈጸመው በደል በጋቻቻ አልታየም፤ ይህን እዚህ አገር ያለ ተማሪ ልብ ብሎ ሊያነበው ይገባል። ካሳ የተፈረደበት ድሀም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው አጥቶ ፍርዱ ወረቀት ላይ ቀርቷል። እንግዲህ የእኛ ዕድሜ እኩያ የሆነ የሩዋንዳ ተማሪ ወላጆቹ እዚያ ሣር ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። እሱን የምጠይቀውን ጥያቄ የለንደኑን ልጅ ልጠይቀው አልችልም።

እኛም ባዶ እጃችንን አንቀርብም። የቀይ ሽብርን ወንጀል የመረመረው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የተቋቋመው በ1984 ነው። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የባለሥልጣኖቻቸው ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተከፍቶ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ 12 ዓመት። በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት፣ በራስ ዳኛ። ይኼ በአፍሪካ ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛ ግን በኮርሳችን በአንድ ገጽ ነው ያለፍነው። ሌላው በሐብሩና በራያ በኩል ያለው ደም ማድረቅ ነው። ገዳይ በፍርድ ቤት ተቀጥቶ ቢወጣ እንኳ ሽማግሌ ካልገባበት ደሙ አልደረቀም ይባላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ግድያው ግን ያው በየዋርካው ሥር መሸምገሉን ቀጥሏል። መርሳ ያደገ የክፍላችን ልጅ ከሎምብሮሶ ይልቅ ይህን ያውቃል። ኪጋሊ ላይ ዕውቀቱ ዕውቀት ሆኖ ይሰማለታል።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንዱ «ኔትዎርኩስ?» ነው። እውነት ነው፤ ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር አልረሳነውም። መብራቱም አለ። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በቀጥታ ቪዲዮ ላይ ማሰር ሞኝነት ነው። ጽሑፍ እንለዋወጥ፣ ድምፅ ቀድተን እንላክ፣ መስመር ያገኘን ቀን እንገናኝ። ሰዓቱ እንደሆነ ምቹ ነው፤ እዚህ 8 ሰዓት ሲሆን ኪጋሊ 7 ሰዓት ነው። ኒውዮርክ ጧት 2 ሰዓት ላይ ክፍል ሲገባ እኛ 9 ወይም 10 ሰዓት ሆኖብናል። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው፤ እነሱም እንደ እኛ በሁለተኛ ቋንቋ ስለሚማሩ ማንም በማንም አነጋገር አይስቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። ቁስሉ ገና ነው፣ በማያውቁት ሰው ፊት የጎረቤትን ጉዳይ ማውጣት ነውር ነው፣ አደጋም አለው ይባላል። ልክ ነው። ስለዚህ ስም አይጠራ፣ ቀበሌ አይጠቀስ፣ ውይይቱ በቪዲዮ አይቀዳ፣ መናገር ያልፈለገም አይገደድ። እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ እናቴን አስፈቅጃለሁ። «የሴትዮዋን ስም እንዳትጽፍ» አለችኝ። አልጻፍኩም።

መስመሩ ተገኝቶ ተራ ቢደርሰኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬን አዘጋጅቻለሁ። ጋቻቻ ላይ «አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት» ያለው ሰው ሲመሽ ወደ ቤቱ የሚሄደው በባለ ንብረቱ ደጅ አልፎ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሲገናኙ ማን ቀድሞ «እንዴት አደርክ» አለ?