የባጃጅ ቮላኖ ስለ ማስላጥ


ሰሞኑን አንዳንድ ልጆቻችን የባጃጃቸውን ቮላኖ ቶርኖ ቤት ወስደው ብረቱን እያስበሉ ነው ይባላል። ቀለል ሲል ሞተሩ ቶሎ ይነሣል፣ ጉልበትም ይጨምራል ብለው ነው። ቶሎ መነሣቱስ እውነት ነው። ጉልበት የሚሉት ግን ሐሰት ነው፤ ብረት ስለ ተላጠ ቤንዚኑ ሌላ ኃይል አያወጣም።

የባጃጅ ሞተር ባለ አንድ ፒስቶን ነው። ኮሎው 2 ጊዜ ሲዞር የሚተኩሰው 1 ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪውን ማን ያዞረዋል ቢሉ የቮላኖው ክብደት ነው። እሱ ሲሳሳ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ፍሪስዮን ሲለቁት ይጠፋል። ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ይጨምራል። በክረምት ጭቃ፣ ሰው ከነዕቃው ጭኖ መሐል ዳገት ላይ ሞተር ጠፋ ማለት ወደ ኋላ መንሸራተት ነው! ውጭ አገር በጭቃና በድንጋይ የሚነዱ ሞተረኞች እኮ እንዳይጠፋባቸው ክብደት የሚያስጨምሩም አሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ስንጥቁ ነው። የዙሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ብረቱን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። መሐሉ የሳሳ ቮላኖ ይሰነጠቃል፤ አንድ ጎኑ የከበደ እንደሆነም ኩሽኔታ ይበላል። ቶርኖ ሠሪዎቻችን እጃቸው የተባረከ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ባላንስ ማድረጊያ የሌለው ሰው የሕዝብ መጫኛ ቮላኖ ባይነካ እወዳለሁ። ለገዛ መጫወቻው ከሆነ እንደ ፍጥርጥሩ።

ባጃጁ የሰነፈባችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ፍሪስዮኑንና ካርቡራተሩንም አስፈትሹ።

የማኅበሩ ጸሐፊ