ስም የሌለው ጥልፍ

የዕለት ኑሯችንን በእጃቸው ሠርተው ያስቀሩልን ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ኑሮ ያገለልናቸው ናቸው። ይህን የምለው የእጅ ሥራ ከማሰባሰብ ልማዴ ተነሥቼ ነው። የምሰበስበው የንግሥተ ሳባን ወይም የዓድዋን ጦርነት ምስል አይደለም፤ ቡና የምትቆላ፣ እንስራ ያዘለች፣ ጥጥ የምትፈትል ሴት፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ እንጂ። ቤቴ የመጣ ሁሉ «ይሄ ለፈረንጅ የሚሸጠው አይደለም እንዴ?» ይለኛል። የእሱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከውጭ ታትሞ የመጣ ፏፏቴ ተሰቅሏል።

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ያለውን ዘነበወርቅን የሚኒባስ ረዳት ሲጠራው ያልሰማ የለም። ስሙ የመጣው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት እዚያው ተቋቋመ። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ ከመጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ቢመለሱስ ማን ሊቀበላቸው? በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የተሰባሰቡበት የ«ብርሃን ታየ» የእጅ ሥራ ቡድን የሚታወቅባቸው ጥልፎች፣ የትራስ ልብሱም ቦርሳውም የግድግዳ ጌጡም፣ ከዚህ ታሪክ የወጡ ናቸው።

ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። የተጎዳ ጣት ሙቀትም ሕመምም አይለይም፤ መርፌ ቢወጋው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ እጅ ይዛ የምትጠልፍ ሴት ጣቷ ሊነግራት የሚገባውን ሁሉ በዓይኗ መጠበቅ አለባት፣ ከመርፌው ጫፍ ሳትነቅለው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ አንዱን ጥልፍ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት፤ ክሩ እንዴት ልቅም ብሎ እንደተቋጨ። እዚያ ቆሞ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ የሚከራከር ሰው ያናድደኛል። (ጫማ ስገዛ እኔም እከራከራለሁ፤ ያ ሌላ ነው።)

ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ጎረቤት የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሩትን ማሰሮና ምጣድ ይገዛ ነበር፤ ሠሪዎቹን ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ከዚያ በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብዛኛው ማኅበረሰብ ወደ እስራኤል ሄደ። ምስሎቹን ገዝቶ የወሰዳቸው በአብዛኛው ቱሪስት ነው፤ እኛ ቤት የቀረው ምጣዱ ነው።

ለሙዚየም የሰበሰበልንም የውጭ ሰው ነው፦ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስብስብ ለማደራጀት ዋናውን ድርሻ የተወጣውም ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበር። ምስጋና ይገባዋል፤ ለእኛ ግን ትንሽ ያሳፍራል።

ሌላ አገር ግን ሠሪው በስሙ የሚታወቅበት ቦታ አለ። በሜክሲኮዋ ኦዋሃካ፣ ኦኮትላን በምትባል ከተማ፣ የአጊላር እኅትማማቾች የገበያ ሴቶችን፣ ሙሽሮችንና ቀብርተኞችን በሸክላ ይሠራሉ። ሰብሳቢዎች ምስሉን አንሥተው «የሆሴፊና ነው ወይስ የጊየርሚና?» ይባባላሉ። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሠሪዎች በሙያ አያንሱም፤ ዕቃቸው ላይ ግን ከዋጋ በቀር የተጻፈ ነገር አይገኝም።

ስለዚህ ከዘነበወርቅም ግዙ ከቸርችል ጎዳና፣ የሠራችውን ሴት ስም ጠይቁ። ፈቃደኛ ከሆነች ከጀርባው በእስክሪፕቶ ጻፉት፣ ዓመተ ምሕረቱንም ጨምሩ። ሻጩ አላውቅም ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጠይቆ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት።